ፀሐይ ለማይገባበት ጓሮ የትኛው ቅጠል ይሻላል? ሆንዎርት፣ ሚትሱባ፣ ስዊት ሲስሊና ዘመዶቻቸው

ሜሪላንድ የገባንበት ቤት ጓሮው በትልልቅ የኦክ ዛፎች የተከበበ ነው። በሰመር ሙቀት ጥላው ያስደስታል። ችግሩ የታየኝ ለመትከል ስነሳ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በሶብላ፣ ጤና አዳምና እንስላል ተከልኩ። በሶብላው ቀጭጮ ቀረ። ጤና አዳሙ ቅጠል ሳያበዛ ከረመ። እንስላሉ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ተመዘዘና ራሱን መሸከም አቅቶት ተጋደመ። በሁለተኛው ዓመት ኮምፖስት ጨመርኩ፣ ውሃም አበዛሁ። ያው ሆነ። አፈሩ ምንም አልጎደለውም ነበር። ፀሐይ ነበር ያጠረው።

ከዚያ ጥያቄዬን ቀየርኩ። እንስላልን እዚህ እንዴት ላብቅለው ማለቱን ትቼ፣ ከእንስላል ዘመዶች ጥላ የሚወደው የትኛው ነው ብዬ መፈለግ ጀመርኩ። ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። ድምብላል፣ ነጭ አዝሙድ፣ ከሙን፣ ካሮት፣ ሰለሪና ፓርስሊ ሁሉም የእንስላል ቤተሰብ ናቸው። (ጥቁር አዝሙድ በስም ቢመሳሰልም ከዚህ ቤተሰብ አይደለም።) ቤተሰቡ ከ3000 በላይ ዝርያ አለው። አበባው እንደተዘረጋ ጃንጥላ ስለሆነ ከሩቅ ይታወቃል። እኛ ከወጥ ቤት የምናውቃቸው አብዛኞቹ ፀሐይ ይፈልጋሉ። ጫካ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር መኖር የሚወዱም ግን አሉ፤ የሚበሉም፣ የሚጣፍጡም።

ልገዛ ስነሳ ደግሞ ሌላ ችግር ገጠመኝ። ስማቸው ግራ ያጋባል። "ስዊት ሲስሊ" ተብለው የሚሸጡት ቢያንስ የሁለት ወገን ተክሎች ናቸው፤ አንዱ የአውሮፓ፣ ሌላው የአሜሪካ። "ዋይልድ ቸርቪል" ሲባል አንዱ ሻጭ የሚበላ የጫካ ቅጠል ማለቱ ነው፣ ሌላው ደግሞ መንገድ ዳር የሚወር አረም። ይህን የጻፍኩት ያንን ግራ መጋባት ለማቃለል ነው። በተለይ የጻፍኩት እንደ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ለንደን፣ ስቶክሆልም ወይም ፍራንክፈርት ባለ ቦታ ጥላ የበዛበት ጓሮ ወይም ፀሐይ የማያየው በረንዳ ላላችሁ ነው። ዱባይ ወይም ሪያድ ያላችሁ፣ ከእነዚህ አብዛኞቹ የውጪውን ሙቀት አይችሉም። ለእናንተ የሚሆነው በብርዱ ወራት በበረንዳ ማሰሮ የሚዘራ ፓርስሊና ድምብላል ነው።

መጀመሪያ መመዘኛውን እንያዝ

የመጀመሪያው መመዘኛ ብርሃን ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ጥላ ስንል ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ሰማዩ ጥርት ባለበት የሰመር ቀን ከጠዋት እስከ ማታ በየሁለት ሰዓቱ የጓሮውን ፎቶ በስልካችሁ አንሱ። ቀጥተኛ ፀሐይ ስንት ሰዓት እንደሚያርፍበት ቁጠሩ። ከ6 ሰዓት በላይ ከሆነ ይህን መመሪያ አያስፈልጋችሁም፤ እንስላላችሁን ትከሉ። ከ3 እስከ 6 ሰዓት ግማሽ ጥላ ነው። ከ3 ሰዓት በታች ከሆነ ሙሉ ጥላ በሉት።

የዛፍ ጥላና የግንብ ጥላም ይለያያሉ። ኦክ፣ ሜፕልና የመሳሰሉት ቅጠላቸውን የሚያረግፉ ዛፎች በብርዱ ወራት ራቁታቸውን ናቸው። ማርችና ኤፕሪል ላይ ፀሐይ እስከ መሬት ትደርሳለች። የጫካ ቅጠሎች የሚኖሩት በዚህች ጊዜ ነው። ዛፉ ቅጠሉን ሳያለብስ እነሱ ቀድመው ያቆጠቁጣሉ፣ ስንቃቸውን ይይዛሉ። የግንብ ጥላ ግን ዓመቱን ሙሉ ያው ነው። በሌላ በኩል ግንብ ውሃ አይጠጣም፤ የዛፍ ሥር ይጠጣል። ከዛፍ ሥር የምትተክሉ ከሆነ አፈሩ ቶሎ እንደሚደርቅ አስቡ። ባለፈው ዓመት የረገፈውንና የበሰበሰውን ቅጠል አልብሱት። ብዙ ሰው ጠርጎ በከረጢት የሚያስወጣው ያ ቅጠል ለእነዚህ ተክሎች ዋናው ምግባቸው ነው።

ሁለተኛው ጣዕም ነው። ከጥላ ወዳዶቹ ገሚሱ ወደ ፓርስሊና ሰለሪ ያደላል። ገሚሱ ወደ እንስላል። የትኛው እንደናፈቃችሁ መለየት ግማሽ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ዕድሜውና ጠባዩ ነው። አንዳንዱ በየዓመቱ ካልተዘራ የለም። አንዳንዱ ከሥሩ ደጋግሞ ይነሳል። አንዳንዱ ደግሞ አንዴ ከገባ አይወጣም።

አራተኛው ከዘር የማብቀል ቀላልነት ነው። አምስተኛው፣ ማንም ሻጭ የማይነግራችሁ፣ ከመርዘኛ ዘመዶቹ ጋር ምን ያህል ይመሳሰላል የሚለው ነው። ለዚህኛው ወደ ታች ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥቼዋለሁ።

ዋጋን መጨረሻ ያደረግኩት ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ፓኬት ዘር በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ዶላር ነው። ችግኝ ከዚያ በእጥፍ አካባቢ ይሆናል።

ሆንዎርት፦ የአሜሪካ ጫካ ልጅ

በሳይንስ ስሙ ክሪፕቶቴኒያ ካናዴንሲስ ይባላል። ከካናዳ ደቡብ ምሥራቅ እስከ ጆርጂያና ቴክሳስ ድረስ ባሉ ጫካዎች በገዛ እጁ ይበቅላል። በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ የጅረት ዳር መንገዶች የምትሄዱ ከሆነ ሳታውቁት አልፋችሁት ይሆናል። ዓይን አይስብም። ከጉልበት እስከ ወገብ ይደርሳል። እያንዳንዱ ቅጠል በሦስት ይከፈላል፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተጠረበ ነው። ሰመር መግቢያ ላይ በጣም ጥቃቅን ነጭ አበባ ያወጣል። የአበባው ዘንጎች አንዱ አጭር አንዱ ረጅም ስለሆኑ የጃንጥላው ቅርጽ የተዛባ ይመስላል። እሱን ለመለየት አንዱ ምልክት ይኸው ነው።

የሚበላው ለጋ ቅጠሉና አገዳው ነው፤ ሥሩም ተቀቅሎ ይበላል። ጣዕሙ በፓርስሊና በሰለሪ መካከል ነው፣ ግን ከሁለቱም ለስለስ ይላል። አበባ ከማውጣቱ በፊት ካልተቀጠፈ ይጠነክራል። እኔ የምጠቀምበት እንደ ፓርስሊ ነው። በደቃቁ ከትፌ ዓሣ ሾርባ ላይ እነሰንሰዋለሁ። ቲማቲም ሰላጣ ውስጥ ከቃሪያና ከሽንኩርት ጋር ይገባል። አይብ ላይ ሲሆን ደግሞ በጣም ይስማማል። ጤና አዳም አይብን የሚገዛውን ያህል ኃይል የለውም፤ አይቡን አይጫነውም። በጾም ወቅት ከእንጉዳይ ጥብስ ጋር ሞክሩት። እሳት ላይ ብዙ ማቆየት አያስፈልግም። ድስቱ ከወጣ በኋላ ጣል ማድረግ ነው።

በብርሃን በኩል የሚወዳደረው የለም። ቀኑን ሙሉ በተበጣጠሰ ብርሃን ውስጥ ደስ ብሎት ይኖራል። ብርዱን ይችላል። የሜሪላንድን ወበቅም ያውቀዋል፣ አገሩ ነውና። ራሱ ዘሩን ይረጫል፣ ሥፍራው ከተስማማው በሦስት ዓመት ውስጥ ጥግ ጥጉን ይይዛል። ለአንዳንድ ሰው ይህ ጥሩ ነው፣ ለሌላው ራስ ምታት። መብዛቱን የማትፈልጉ ከሆነ አበባው ዘር ሳይዝ ቁረጡት።

ድክመቱ ገበያ ላይ በቀላሉ አለመገኘቱ ነው። ትልልቆቹ የአትክልት መደብሮች አይዙትም። የአገሬውን ተክል ብቻ የሚያባዙ ትንንሽ ችግኝ ጣቢያዎች አሉ፣ በፀደይ የሚያደርጉት ሽያጭ ላይ ጠይቁ። ዘሩን ከገዛችሁ በመከር፣ ኦክቶበር ላይ ዝሩት። ብርዱ ካለፈበት በኋላ ነው ደህና አድርጎ የሚነቃው።

ሦስት ቅጠል ማለት እዚህ አገር ሌላም ነገር ማለት ነው። ፖይዝን አይቪም ሦስት ቅጠል ነው፣ በዚያው ጫካ ነው የሚኖረው፣ ከነኩት ቆዳን ያሳክካል፣ ያቆስላል። ፖይዝን አይቪ ግንዱ እንጨት ነው፤ መሬት ላይ ይሳባል ወይም ዛፍ ላይ ይወጣል። ሆንዎርት ለስላሳ አገዳ አለው፣ የቅጠሉ ዘንግ ከአገዳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ እንደ እጅጌ ይጠቀለላል። ይህን ልዩነት ልጆቻችሁ ጭምር ቢያውቁት ጥሩ ነው።

ሚትሱባ፦ የጃፓኑ ወንድም

ሚትሱባ በጃፓንኛ "ሦስት ቅጠል" ማለት ነው። ከሆንዎርት ጋር በጣም ስለሚቀራረቡ አንዳንድ የእጽዋት ባለሙያዎች እንደ አንድ ዝርያ ቆጥረዋቸው ያውቃሉ። ልዩነቱ ጃፓኖች ሚትሱባን ለብዙ ዘመን በእርሻ ማልማታቸው ነው። በእንፋሎት የሚበስለው የእንቁላል ምግባቸው ላይና የአዲስ ዓመት ሾርባቸው ውስጥ ይገባል። አገዳውን ነጭ ለማድረግ በጨለማ የሚያሳድጉበት ዘዴም አላቸው።

ለእኔ ከሁሉም ለጀማሪ የሚመከረው ይህ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዘሩ በእስያ አትክልት ላይ ከሚሠሩ ዘር ሻጮች በቀላሉ ይገኛል፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ይበቅላል፣ ብርድ ማሳለፍ አያስፈልገውም። አፈር ብዙ አታልብሱት። እርጥበት ይወዳል፤ ከደረቀበት ቅጠሉ ይቢጫል። ማሰሮ ውስጥም ይሆናል፣ ስለዚህ በኪራይ ቤት በረንዳ ላይ ላላችሁ ይመቻል። ቀጥተኛ የከሰዓት ፀሐይ ያቃጥለዋል። ሰሜን የሚያይ በረንዳ ለእሱ ቤቱ ነው።

ጣዕሙ ከሆንዎርት ትንሽ ጠራ ይላል፣ አገዳው ደስ የሚል መሰባበር አለው። ሲበስል ግን ቶሎ ይመራል። እንቁላል ፍርፍር ከምድጃ ከወረደ በኋላ ጨምሩት። ፉል ላይ በፓርስሊ ፋንታ አድርጌዋለሁ፣ አላሳፈረኝም።

ጠላቱ ቀንድ አውጣና ዛጎል የሌለው ዘመዱ ነው። ማታ ማታ ይጨርሱታል። ማሰሮውን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁ ይቀንሳል። እንደ ሆንዎርት ሁሉ ዘሩን ይበትናል። ጓሯችሁ ከተፈጥሮ ጫካ ጋር የሚዋሰን ከሆነ ግን የአገሬውን ሆንዎርት እንድትመርጡ እለምናችኋለሁ። ከውጭ የመጣ ተክል አጥር አያውቅም።

ስዊት ሲስሊ፦ እንስላል ለናፈቀው

የመጀመሪያውን ቅጠል በጣቴ አሽቼ ሳሸት የተሰማኝን አልረሳውም። እንስላል ነበር። ያውም የአያቴ ቤት አጥር ሥር በራሱ ይበቅል የነበረው፣ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው እንስላል። ያለ ምክንያት አይደለም። እንስላልና ስዊት ሲስሊ ሽታቸውን የሚያገኙት አኔቶል ከሚባለው ከአንድ ዘይት ነው።

የአውሮፓው ስዊት ሲስሊ ሚሪስ ኦዶራታ ይባላል። መነሻው የመካከለኛውና የደቡብ አውሮፓ ተራሮች ናቸው፤ ዛሬ በሰሜን እንግሊዝና በስኮትላንድ መንገድ ዳር ሞልቷል። ቅጠሉ እንደ ላባ የተከፋፈለ ነው፣ አንዳንዴ ነጭ ነጠብጣብ አለው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ሥሩ ወደ ታች ዘልቆ ስለሚገባ አንዴ ከተተከለ ማዛወር አይወድም፣ ለብዙ ዓመት ግን አብሯችሁ ይኖራል።

ሁሉ ነገሩ ይበላል። ቅጠሉ ለሻይ ይሆናል። አረንጓዴው ፍሬ ገና ለጋ ሳለ እንደ ከረሜላ ይታኘካል፤ ልጆቼ ጁን ላይ ጠፍተው የሚገኙት እዚያ ነው። እንግሊዞች ሩባርብ የሚባለውን ኮምጣጣ አገዳ ሲቀቅሉ ቅጠሉን ይጨምራሉ፣ በተፈጥሮው ስለሚጣፍጥ ስኳሩን መቀነስ ይቻላል። እኔ ከኮምጣጣ ፖም ጋር ሞክሬ ወድጄዋለሁ። ለሻይ ደግሞ ቅጠሉን ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር አፍልታችሁ ጠጡት። ሲደርቅ ሽታው ስለሚጠፋ በትኩሱ ነው የሚሻለው።

ችግሩ ሁለት ነው። ዘሩ ብርድ ካላለፈበት አይነቃም፣ ከቆየም ኃይሉን ያጣል። በቅርብ የተለቀመ ዘር ገዝታችሁ በመከር መሬት ላይ ዝሩ፣ ወይም እርጥብ አሸዋ ውስጥ አድርጋችሁ ለሁለት ሦስት ወር ፍሪጅ አኑሩት። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ቀዝቃዛ አገር ይወዳል። ሚኒሶታ፣ ሲያትል፣ ስዊድን ወይም ብሪታንያ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። የዋሽንግተንን ሰመር ግን እየተነጫነጨ ነው የሚያልፈው። በኔ ጓሮ በሕይወት ያለው የቤቱ ሰሜናዊ ጥግ ላይ ስለሆነና በሙቀቱ ወራት ውሃ ስለማላቋርጥበት ነው። አትላንታ ወይም ዳላስ ያላችሁ ገንዘባችሁን አታውጡበት።

ሙቀት ለሚበዛበት አገር የአሜሪካው ዘመዱ አለ፦ ኦስሞራይዛ ሎንጂስታይሊስ፣ ወይም አኒስሩት። እሱም በእንግሊዝኛ ስዊት ሲስሊ እየተባለ ይሸጣል። በምሥራቅ አሜሪካ ጫካዎች የሚገኝ ነው፣ ሙሉ ጥላ ይችላል። የእንስላል ሽታው ከቅጠሉ ይልቅ ሥሩ ላይ ይበረታል። ቅጠሉ ከአውሮፓው ያንሳል፣ አዝመራውም ጥቂት ነው፣ እድገቱ ዝግ ይላል። የደረቀ ፍሬው እንደ መርፌ ልብስ ላይ ይሰካል። ለሻይ በየሳምንቱ እቀጥፋለሁ ለሚል ሰው አይበቃም። ትዕግሥት ላለውና የአገሬውን ጫካ ተክል ለሚወድ ግን ደስ ይላል። ስትገዙ የሳይንስ ስሙን ሳታዩ አትክፈሉ።

ቸርቪልና ፓርስሊ በአጭሩ

ቸርቪል የፈረንሳይ ወጥ ቤት ቅጠል ነው። ከፓርስሊ፣ ከታራጎንና ከቻይቭ ጋር ተደባልቆ እንቁላል ላይ ይደረጋል። ጣዕሙ ፓርስሊ ውስጥ ትንሽ እንስላል ጠብ ያለበት ይመስላል። የአንድ ወቅት ተክል ነው። ግማሽ ጥላና ቀዝቃዛ አየር ይወዳል፣ ሙቀት ሲመጣ አብቦ ያበቃል። ችግኙ መዛወር ስለማይወድ በሚቀመጥበት ቦታ ይዘራ። በሁለት ወር ውስጥ ይደርሳል። ማርች ላይና እንደገና ሴፕቴምበር ላይ መዝራት ነው።

ፓርስሊን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በቀን ለ3 ወይም 4 ሰዓት ያህል ፀሐይ ካገኘ ይበቃዋል፣ ከዚያ በታች ግን ይመነምናል። ለመብቀል ሦስትና አራት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። በሁለተኛው ዓመቱ አብቦ ያልቃል። በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ሰዎች ድንገት አብዝታችሁ አትብሉት፣ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ነፍሰ ጡሮችም ለምግብ ከሚውለው መጠን አትለፉ።

ግራውንድ ኤልደር፦ አትትከሉት

ጥላ ይወዳል፣ ይበላል፣ ውሃ ቢያጥረውም ይኖራል። ጀርመኖች ጊርሽ ይሉታል፣ ለጋ ቅጠሉን በፀደይ ሰላጣና ሾርባ ያደርጉታል። የላቲን ስሙ ራሱ ከሪህ በሽታ ስም የወጣ ነው፤ ድሮ ለሪህ ይሰጥ ስለነበር። አውሮፓ ያላችሁና ጓሯችሁ ውስጥ ቀድሞ ያለ ከሆነ፣ እርግጠኛ ሆናችሁ ለይታችሁ ብሉት፣ እንደ ጎመን ቀቅላችሁም ይሆናል። ነገር ግን በገንዘብ ገዝቶ መትከል ስህተት ነው። በመሬት ውስጥ በሥሩ ይሄዳል፣ ከተቆረጠ ቁራጭ ሥር እንደገና ይነሳል። አሜሪካ ውስጥ ነጭ ጠርዝ ያለው ዓይነት ለጌጥ ይሸጣል፤ እንደ ማሳቹሴትስ ያሉ ግዛቶች ሽያጩን ከልክለዋል።

ከመርዘኞቹ ተጠንቀቁ

ይህ ቤተሰብ ድምብላልን የሰጠንን ያህል በዓለም ካሉ ገዳይ መርዞች አንዳንዶቹንም የያዘ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ሶቅራጥስ የተገደለበት ሄምሎክ የፓርስሊ ዘመድ ነው። ዛሬ በአሜሪካ በአውራ ጎዳና ዳር፣ በባዶ መሬትና በወንዝ ዳር ሞልቷል። ቅጠሉ እንደ ላባ የተከፋፈለ ነው፤ ከቸርቪልና ከስዊት ሲስሊ ጋር ይመሳሰላል። አገዳው ጸጉር የለውም፣ ውስጡ ክፍት ነው፣ ላዩ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ አለበት። ሲታሽ እንደ አይጥ ይሸታል። ስዊት ሲስሊ ስስ ጸጉር አለው፣ የሚሸተውም እንስላል ነው።

ውሃማ ቦታ ላይ ደግሞ ዋተር ሄምሎክ አለ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በሰሜን አሜሪካ ከሚበቅሉ ተክሎች ሁሉ በጣም መርዛማው ብሎ ይገልጸዋል። ሰዎች ሥሩን የሚበላ ሥር መስሏቸው ሞተዋል።

ሽታን ብቻ አትመኑ። አንድ እንስላል የሚሸት ቅጠል ከነካችሁ በኋላ እጃችሁ ላይ ያለው ሽታ ቀጥሎ የምትይዙትን ሁሉ እንስላል ያስመስለዋል። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ከዚህ ቤተሰብ ማንኛውንም ከጫካ ለቅማችሁ አትብሉ። ዘር ወይም ችግኝ ከታወቀ ሻጭ ገዝታችሁ፣ ስም ጽፋችሁ፣ ጓሮ ውስጥ ትከሉ። ሆንዎርትና አኒስሩት የጫካ ቅጠል ቢሆኑም እኔ የምበላው የተከልኩትን ብቻ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ እንዳለው ሮክ ክሪክ ባሉ ብሔራዊ ፓርኮች ተክል መንቀል በሕግም ክልክል ነው።

አንዳንዶቹ ደግሞ ሳይበሉም ይጎዳሉ። መንገድ ዳር ቢጫ የሚያብበው ዋይልድ ፓርስኒፕ ፈሳሹ ቆዳ ላይ አርፎ ፀሐይ ከነካው እንደ እሳት ያቃጥላል። ሣር የምታጭዱ ሰዎች ረጅም እጅጌ ልበሱ።

አሜሪካ ውስጥ የሆነ ሰው ያልታወቀ ቅጠል ከበላ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። የመርዝ ቁጥጥር መስመር 1-800-222-1222 ሌት ተቀን በነጻ ይሠራል፣ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። መተንፈስ ካቃተው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ራሱን ከሳተ 911 ደውሉ።

በአንድ ሠንጠረዥ

| ተክል | የሚችለው ጥላ | ጣዕም | ዕድሜ | ከዘር ማብቀል | ሙቀት መቻል | የሚያሰጋው |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሆንዎርት | ሙሉ ጥላ | ፓርስሊና ሰለሪ | ጥቂት ዓመት፣ ራሱን ይዘራል | መካከለኛ፣ በመከር ይዘራ | ጥሩ | ፖይዝን አይቪ ይመስላል |
| ሚትሱባ | ሙሉ ጥላ፣ እርጥበት | ፓርስሊና ሰለሪ፣ ጠራ ያለ | ጥቂት ዓመት፣ ራሱን ይዘራል | ቀላል | መካከለኛ | ወደ ጫካ ሊወጣ ይችላል |
| ስዊት ሲስሊ (የአውሮፓ) | ግማሽ ጥላ፣ ከሞላ ጎደል ሙሉ | እንስላል | ብዙ ዓመት | ከባድ፣ ብርድ ይፈልጋል | ደካማ | ሄምሎክ ይመስላል |
| አኒስሩት | ሙሉ ጥላ | እንስላል፣ በተለይ ሥሩ | ብዙ ዓመት | ከባድ፣ ዝግተኛ | ጥሩ | ስሙ ከሌላ ጋር ይምታታል |
| ቸርቪል | ግማሽ ጥላ | ፓርስሊና ጥቂት እንስላል | አንድ ወቅት | ቀላል | ደካማ | ሄምሎክ ይመስላል |
| ፓርስሊ | ግማሽ ጥላ | የታወቀ | ሁለት ዓመት | ቀላል፣ ግን ይዘገያል | መካከለኛ | ከዋርፋሪን ጋር |
| ግራውንድ ኤልደር | ሙሉ ጥላ | እንደ ጎመን | አይጠፋም | አይተከል | ጥሩ | ወራሪ ነው |

እንግዲህ ለማን የቱ?

በኪራይ አፓርታማ ሆናችሁ በረንዳችሁ ፀሐይ የማያይ ከሆነ ሚትሱባ ውሰዱ። አንድ ፓኬት ዘርና አንድ ሰፋ ያለ ማሰሮ፣ ከአፈሩ ጋር ከ20 ዶላር ባነሰ ይጀመራል። ስትለቁም ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

በምሥራቅ አሜሪካ የራሳችሁ ጓሮ ካላችሁና ዛፍ ከበዛበት፣ ሆንዎርት ላይ አውጡ። ሦስት ችግኝ ይበቃል። ለሁለት ዓመት አብዝታችሁ አትቅጠፉ፣ ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ ያበዛላችኋል።

ገንዘብ ማውጣት የማትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ከሱቅ የምትገዙትን የድምብላል ዘር ዝሩ። ሳይፈጭና ሳይቆላ የተሸጠ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይበቅላል። ግማሽ ጥላ ላይ ፀሐይ ላይ ካለው ዘግይቶ ያብባል፣ ስለዚህ ቅጠሉ ይቆያል። ለዳጣ የሚሆን ትኩስ ቅጠል በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ታገኛላችሁ። ሙሉ ጥላ ላይ ግን አይሆንም።

ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ላባ መሳይ ቅጠል ያላቸውን ከመትከል በፊት ልታስቡ ይገባል። ስዊት ሲስሊ ራሱ ጉዳት የለውም። ልጁ ግን "ላባ የሚመስል ቅጠልና ነጭ አበባ ያለው ይበላል" ብሎ ከተማረ፣ ነገ መናፈሻ ውስጥ ሄምሎክ ሊያነሳ ይችላል። የኔዎቹ ከአጥራችን ውጭ ምንም እንዳይቀምሱ ቃል ካስገባኋቸው በኋላ ነው የተከልኩት። ያ ልጅ ገና ቃል የሚይዝበት ዕድሜ ላይ ካልደረሰ ሚትሱባ ይሻላል።

የእንስላል ሻይ ናፍቋችሁ ከሆነና የምትኖሩት ቀዝቃዛ አገር ከሆነ፣ ለስዊት ሲስሊ ትዕግሥት ይኑራችሁ። ዘሩን ኦገስት ላይ እዘዙ፣ የዘንድሮ መሆኑን ሻጩን ጠይቁ፣ ኦክቶበር ላይ መሬት ላይ ዝሩትና የዘራችሁበትን ቦታ በእንጨት ምልክት አድርጉበት። ማርች መጨረሻ ላይ ያ እንጨት አጠገብ የሚወጣውን ሣር ሁሉ አትንቀሉ። ከመካከሉ አንዱ እሱ ነው።